ሂናውን አትንኩት

ባሌን ጌታሁንን መሬት የዋጠችበትን ቀን ልነግራችሁ ነው። ስንቴ ልጽፈው ተነስቼ ስንቴ እንደተውኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ልጄ ግን «እማዬ፣ አንቺ ካልጻፍሽው ማን ሊጽፈው ነው?» እያለች ነዘነዘችኝ። ንዝንዙን የወረሰችው ከእኔ ስለሆነ ላሸንፋት አልቻልኩም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጠላት ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ድሬዳዋም የእንፋሎቱን ባቡር ሸኝታ በናፍጣ የሚሄደውን ለምዳለች። እኔ ጥሩነሽ ያኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከመጋላ ሰፈር ሴቶቹ ስስ ጨርቃቸውን ይዘው ይመጡና ድሪያ የሚሉትን ሰፊ ቀሚስ ያሰፉኛል፤ የሰርግ ሰሞንማ ቁጭ ብዬ እህል የምቀምስበት ጊዜ አልነበረኝም። በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ነበረችኝ፤ እናቴ ለሰርጌ የሰጠችኝ። ልጅ አልነበረንም። በሰርጋችን ቀን የተመረቅነው ምርቃት ሳይደርስ ብዙ ዓመት አልፎብናል። መኪናዋ እንደ ልጅ ሆናብኝ ነበር መሰለኝ፣ ሥራ ስጨርስ ሳላለብሳት አልተኛም።

ጌታሁን ደግሞ የእንፋሎት ባቡር ቦይለር ጠጋኝ ነበር። ቦይለር ጠጋኝ ማለት የባቡሩ ውሃ የሚፈላበት ብረት ሆድ ውስጥ ገብቶ ብረት ሲደበድብ የሚውል ሰው ነው፤ ስለዚህ የሁሉም ጆሮ ግማሽ ነው። ጓደኞቹ እቤታችን ተሰብስበው ሲጫወቱ ጎረቤት ጠብ ነው ብሎ ገላጋይ ይልክ ነበር። የቦይለሩን ሕመም የሚያገኙትም በጆሯቸው አይደለም። የመፍቻቸውን አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ መንጋጋቸው ላይ አስደግፈው በአጥንታቸው ያዳምጣሉ። ጌታሁን የእኔንም የስፌት መኪና እንዲሁ አዳምጦ «ዘይት ጠምቷታል» ይለኝ ነበር። እውነቱንም ነበር።

የናፍጣው ባቡር ሲመጣ ቦይለር የሚባል ነገር ቀረ፤ ቦይለር ጠጋኞቹም አብረው ቀሩ። ጌታሁን ሲሰናበት የተሰጠውን ይዞ ደቻቱ ወንዝ ዳር አንድ ትንሽ አትክልት ቦታ ገዛ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሲመጣ ግን ይመጣል። ቦታው የአዴ ራህማ ነበር፤ ባላቸው የሞቱባቸው የኦሮሞ ሴት ናቸው፤ ሸጠውልን መጋላ ልጃቸው ቤት ገቡ። ሎሚ፣ ፓፓያ፣ የሽንኩርት መደብ፣ መሐል ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ የሂና ቁጥቋጦ አለበት። አዴ ራህማ ቁልፉን ሲያስረክቡን ያሉን ነገር አንድ ብቻ ነው፤ «ሂናውን አትንኩት።»

እኛ አገር መሬት ሸጦ አንድ ዛፍ ለራስ ማስቀረት ያለ ነው። ቦታው የገዢ፣ ዛፉ የሻጭ ይሆናል፤ ማንም ለምን አይልም። ስለዚህ ቅጠሉን ፈልገው ነው ብለን ያዝነው። እውነትም ኢድ ሲደርስ፣ የዘመድ ሰርግ ሲኖር ዘንቢላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ቅጠላቸውን ይለቅማሉ። ለቅመው ሲጨርሱ ግን ወዲያው አይሄዱም። ቅጠሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሥሩ ቁጭ ይላሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እርጅና ነው እንል ነበር። በዶማ የሚቆፍሩልን ሠራተኞችም ሂናው ጋ ሲደርሱ ዞረው ያልፋሉ።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። አንድ ቀን ከለቅሶ ስመለስ የስፌት መኪናዬ ቦታዋ ላይ የለችም። በር ላይ ደግሞ ከፈረስ ጋሪ የማትበልጥ፣ ቀለሟ የለቀቀ ትራክተር ቆማለች፤ ከኋላዋ አፈር የሚገለብጥ የብረት ጥርስ ተገጥሞላታል። ለካ አንድ ግሪክ አትክልተኛ ትልቅ ትራክተር አስመጥቶ ትንሿን ሊያስወግዳት ኖሯል። ሚስቱ ደግሞ የእኔ የስፌት መኪና ላይ ዓይኗን ከጣለች ቆይታለች። ጌታሁን እኔን ሳይጠይቅ መኪናን በመኪና ለውጦ አረፈው። በዚያ ላይ ሊያስደስተኝ እየሳቀ ነው የጠበቀኝ።

አልጮህኩም። አልተሳደብኩም። ነጠላዬን አውልቄ ሰቀልኩና ዝም አልኩት።

ኩርፊያ ሲባል የዛሬ ልጆች የአንድ ቀን ፊት ማዞር ይመስላችኋል። እኔ ያደግሁበት ቤት ኩርፊያ ሥርዓት አለው። የተበደለ ሰው ቀድሞ አይናገርም፤ ቀድሞ ከተናገረ በደሉን ሸጠው ማለት ነው። ሽማግሌ ይመጣል፣ አጥፊው ይወቀሳል፣ ይክሳል፣ ከዚያ ይነጋገራሉ። እስከዚያው ምግብ ይቀርባል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ቃል ግን የለም። እኔም በጣም ሲቸግረኝ ለዶሮዬ ነበር የምነግራት፤ «ዶሮዬ፣ ጨው አልቋል በይው» እላታለሁ። እሱ ደግሞ ለድመቷ «አንቺ ድመት፣ ገዝቼ እመጣለሁ በያት» ይላታል። ያን ሰሞን የእኛን ቤት እንስሳ ያህል ወግ የጠገበ አልነበረም።

ለሽምግልናው የተመረጠው ሙሳ ነው። ሙሳ የጌታሁን የቦይለር ጓደኛ፣ የእኛ የግድግዳ ጎረቤት ነው፤ አባቱ ሱማሌ እናቱ አርጎባ፣ እሱ ራሱ ምንህ ነው ሲባል «ድሬ ነኝ» የሚል ሰው። እሁድ ሁለት ሽማግሌ ይዞ እንዲመጣ ቀጠሮ ተይዟል። እኔም እሁድን በጉጉት ነበር የምጠብቃት፤ ምክንያቱም በኩርፊያው መሐል አንድ ነገር አውቄያለሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ አርግዣለሁ። ለማንም አልነገርኩም። እሁድ ሽማግሌዎቹ ወቅሰውት፣ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ሲለኝ፣ ያኔ ልነግረው ነበር ያሰብኩት። በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደነገርኩትና ስንት ዓይነት ፊት እንዳሳየኝ አትጠይቁኝ።

እሁድ ሳትደርስ ዓርብ ደረሰች።

ነሐሴ ነው። ጠዋት ጌታሁን ትራክተሯን አስነስቶ ማረስ ጀመረ። እኔ ጓዳ መስኮት ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ አየዋለሁ። ያኮረፈች ሴት ባሏን ያህል አትኩራ የምታየው ነገር የለም፤ ብቻ እንዳያያት ትጠነቀቃለች። ትራክተሯ እንደ ዶማ ዞር ብላ አታልፍም፤ ሂናው ጋ በደረሰች ቁጥር ወደኋላ፣ ወደፊት፣ እንደገና ወደኋላ ትላለች፤ መደቡን ታበላሸዋለች። ጌታሁን ወረደ። ወገቡን ይዞ ሂናውን ትንሽ አየው። ከዚያ ገጀራ ይዞ መጣ።

ወጥቼ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አልተናገርኩትም፤ ዶሮዬን ፈልጌ ጮክ ብዬ «ዶሮዬ፣ ሂናው የሰው አደራ ነው በይው» አልኳት። ትራክተሯ እንደተነሳች ናት፤ የእሱ ጆሮ ደግሞ ግማሽ ነው። ቀና እንኳ አላለም። ሂናውን ቆራረጠው፣ ጉቶውን በሰንሰለት ከትራክተሯ ጋር አስሮ ጎተተው። ጉቶው ከነሥሩ ተነቅሎ ሲወጣ በሥሮቹ የተያዘ የበሰበሰ የግራር ግንድ አብሮ መጣ። ጌታሁን ግንዱን አንስቶ አገላበጠው፣ ወደ አጥሩ ወረወረው፣ ወደ ትራክተሯም ተመለሰ። እንዲህ ያለ ግንድ ከመሬት በታች ምን ይሠራል ያለ የለም።

መጀመሪያ ሲያልፍ መሬቱ ቻለው። እንዲያውም ደስ ብሎት ነው መሰለኝ ወደ መስኮቴ ዞር ብሎ አየ። አዙሮ ሲመለስ መሬቱ ወረደ።

የሰማሁት ድምፅ ትልቅ አልነበረም፤ የሞላ ጆንያ ከትከሻ ሲወርድ የሚያሰማው ዓይነት ነው። የትራክተሯ አፍንጫ ወደታች ተተከለ፣ ኋላዋ ወደላይ ተነሳ፣ ጌታሁን ከመቀመጫው ወደፊት ተንሸራቶ ጠፋ። እየሮጥኩ ስደርስ ያየሁት ጉድጓድ ነው። ተደፍኖ የኖረ የውሃ ጉድጓድ። ትራክተሯ አፉ ላይ ተሰንቅራለች፣ ባሌ ከእሷ ሥር ነው፣ አሸዋው ከየዳሩ እየፈሰሰ ይገባበታል። ሞተሩ ደግሞ አልጠፋም። ጭሱ በሙሉ ወደ ጉድጓዱ ነው የሚገባው። ከታች ሲስል ይሰማኛል፤ ሳሉ እያጠረ ሄደ።

ስለ ትራክተር የማውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ በመስኮት አይቻለሁ፤ ማታ ሲያቆማት ከነዳጅ መያዣዋ ሥር አንዲት ቢጫ ቁልፍ ያዞራል። በደረቴ ተኝቼ እጄን ሰድጄ ፈለግኳት። የጋለው ብረት እጄን ላጠው፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ቁልፏን አገኘኋትና አዞርኳት። ሞተሩ ትንሽ አጉረመረመና ሞተ። ያን ጊዜ ነው ጩኸቴን የለቀቅኩት።

ሙሳ ለጁምዓ ነጭ ልብሱን ለብሶ ሲወጣ ነው የሰማኝ፤ አጥሩን ዘሎ መጣ። አየና ፊቱ ተለወጠ። ትራክተሯን ከነካናት ትወድቅበታለች፤ ካልነካናት አሸዋው ይሞላበታል። ሰው ወደ ባቡር ጥገና ቤት ላከ፣ ሰው ወደ መጋላ አዴ ራህማ ዘንድ በጋሪ ላከ። የቤታችንን በር ነቅሎ አመጣና በጉድጓዱ ዳር አነጠፈው፣ እኔን በላዩ አስተኛኝ። በትራክተሯና በጉድጓዱ ከንፈር መሐል አንድ ፊት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከዚያ ሥር ጨለማ ነው።

«አናግሪው» አለኝ ሙሳ።

«ተኮራርፈናል'ኮ» አልኩት።

እንዲህ ነው ያልኩት። ባሌ መሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ እኔ በር ላይ ተኝቼ፣ የተናገርኩት ይህንን ነው። ሙሳ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። አጠገቤ ተንበረከከ።

«አቦ ጥሩነሽ፣ ስሚኝ። ቦይለር ውስጥ ጭስ የበላው ሰው አይቻለሁ። ብቻውን መሆኑን ካወቀ ይተኛል። ከተኛ አበቃ። የሽምግልናውን ቀን ዛሬ አድርጌዋለሁ፣ ወላሂ። አናግሪው።»

አገጬን የትራክተሯ ብረት ላይ አስደግፌ «ጌታሁን» አልኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስሙን ስጠራው ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። መልስ የለም። «ጌታሁን፣ እኔ ነኝ፣ ጥሩነሽ ነኝ» አልኩና ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ከታች ብረት በብረት ተመታ። ድምፁ ደካማ ነው፣ ግን ተመታ። መፍቻው ከኪሱ አይለይም ነበር። ጭሱ ድምፁን ቢወስድበትም እጁ ነፃ ነው ማለት ነው። ሙሳ «አልሀምዱሊላህ» ብሎ ተነሳና ወደ ቁፋሮው ሄደ።

አዴ ራህማ በጋሪ ደረሱ። ከጋሪው ሲወርዱ መጀመሪያ ያዩት ጉድጓዱን አይደለም፤ አጥሩ ሥር የተጣለውን ሂና ነው። ሸማቸው ከራሳቸው ወድቆ ነበር፣ አላነሱትም። እኔ ተኝቼ ከታች ወደላይ አየኋቸው። ያን ጊዜ የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«አህመድ ልጄ እዚህ ገብቶ ነው የሞተው። አባቱ ሬሳውን አወጣ፣ ጉድጓዱን በግንድ ደፈነ፣ ሂናውን ተከለበት። ጉድጓድ አለ ብዬ ልንገራችሁ አፌን ስከፍት ስሙ ይመጣብኛል። ያ ረቢ፣ አትንኩት ማለት ይበቃል ብዬ ነበር።»

ማንም የወቀሳቸው የለም። እሳቸውም ወዲያው ሙሳን ክንዱን ይዘው አዞሩት፤ «በወንዙ በኩል አሸዋ ነው፣ ከነካችሁት ይወርዳል፤ በተራራው በኩል የአህመድ አባት ሲቆፍር ጠንካራ ነጭ ድንጋይ አግኝቶ ነበር፣ በዚያ በኩል ግቡ» አሉት። ሙሳም በተራራው በኩል ተዳፋት ቁፋሮ አስጀመረ። የጥገና ቤት ጓደኞቹ አሮጌ ሐዲድ በትከሻቸው ተሸክመው መጡ፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ አጋድመው ትራክተሯን እንዳትወርድ በሰንሰለት አሰሯት።

እኔ አወራለሁ። መጀመሪያ ያወራሁት የማይረባ ነገር ነው፤ ሽንኩርቱ ልጣጩ እንደተበተነ፣ ዶሮዋ ጓዳ እንደገባች፣ ሙሳ ነጭ ልብሱ እንደተበላሸ። ትንሽ ዝም ስል ከታች ይመታል። ቀጠልኩ። ከዚያ ቁጣዬን አወጣሁት። የእናቴን መኪና እንዴት ሳትጠይቀኝ፣ አንተ ሰው ሆድህ ምን ዓይነት ነው፣ እንዴት እየሳቅህ ትጠብቀኛለህ አልኩት። ዝም ስል መታ። አጥፍቻለሁ ያለኝ መሰለኝ። እንባዬ ብረቱ ላይ ይወርዳል። «በቃ ተወው፣ መኪናዋም ገደል ትግባ፣ አንተ ብቻ ውጣልኝ» አልኩት። መታ።

ሙሳ ወደ ደንገጎ ተራራ ቀና ሲል አየሁት። እኔም ዞር ብዬ አየሁ። ተራራው ጠቁሯል። እናንተ ድሬዳዋን የማታውቁ፣ ይህች ከተማ ሳይዘንብባት ጎርፍ የሚመጣባት ከተማ ናት። እዚህ ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ተራራው ላይ ይዘንባል፣ ከዚያ ደቻቱ ድንገት ሞልቶ ይመጣል። የእኛ ጉድጓድ ደግሞ ደቻቱ አፍንጫ ሥር ነው። ዶማዎቹ ፈጠኑ።

ያን ጊዜ እሁድ የሚባል ቀን ላይኖር እንደሚችል ገባኝ። ያስቀመጥኩትን ነገር ለማን ነው የማስቀምጠው?

«ጌታሁን» አልኩት፣ «ስማኝ። አርግዣለሁ። ለእሁድ አስቀምጬልህ ነበር። ልጅ አለን። ሰማኸኝ?»

ዶማዎቹ ሁሉ ቆሙ። ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ከታች መታ፣ እንደገና መታ፣ ደጋግሞ መታ፤ ሲመታ ከዋለው ሁሉ የጠነከረ ነበር። አዴ ራህማ ፊታቸውን በሸማቸው ሸፈኑ። ከጥገና ቤት ከመጡት አንዱ «በሉ እንጂ፣ የሰው አባት ነው ያለው እዚያ ውስጥ» አለና ዶማውን አነሳ። እኔ በዚያ ሁሉ መከራ መሐል ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ደስ ብሎኝ ነበር።

ደስታው አልቆየም። ምቱ እየሳሳ መጣ። ዝም እላለሁ፣ ቆይቶ ይመታል፤ ዝም እላለሁ፣ ይበልጥ ቆይቶ ይመታል። በተራራው በኩል ቆፋሪዎቹ ወገቡ ጋ ደርሰዋል፤ ግን እግሩ በትራክተሯ ብረትና በግንድ መሐል ተይዟል። ለማላቀቅ ትራክተሯን ትንሽ ከፍ ማድረግ ሊኖርባቸው ነው። ሰንሰለቱን መጎተት ሲጀምሩ ሐዲዱ አጉረመረመ፣ የወንዙ በኩል ተናደ፣ አሸዋው እንደ ውሃ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። ክፍተቱ ፊቴ ላይ ተዘጋ።

«ጌታሁን» አልኩ። ጠበቅኩ። ምንም የለም።

እንደገና ጠራሁት። ጠበቅኩ። ምንም የለም። ሰዎቹ ወደ እኔ ያያሉ፤ እኔ ወደ ብረቱ። በዚያች ደቂቃ ስለት አልተሳልኩም፣ ታቦት አልጠራሁም፤ የመጣልኝ ነገር ቢኖር ዝም ካልኩ እንደሚሞት ብቻ ነው። አፌን ብረቱ ላይ ለጥፌ መናገር ጀመርኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ስለ ልጁ ስም፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ ሰርጋችን፣ አፌ ላይ የመጣልኝን ሁሉ። ጉሮሮዬ ደማ። መልስ መጠበቅ ተውኩ። ሙሳ ከሥር «እግሩ ተላቀቀ፣ ያዝኩት» ሲል ሰማሁት እንጂ አላመንኩም።

በተራራው በኩል ባለው ቀዳዳ ሲያወጡት ሰው አይመስልም፤ ከጭቃ የተሠራ ነገር ነው የሚመስለው። አፉንና አፍንጫውን ጠረጉለት፣ ደረቱን አሹት። ቆይቶ ሳለ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ጆሮዎቹ በአሸዋና በደም ተደፍነዋል። መፍቻውን ግን ከእጁ ማላቀቅ አቃታቸው፤ እንደያዛት በጋሪ ጭነው ሐኪም ቤት ወሰዱት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደቻቱ መጣ። ሙሳ ነው በኋላ የነገረኝ። ውሃው አጥሩን ጥሶ በቆፈሩት ተዳፋት ገባ፤ ትራክተሯን ከነሰንሰለቷ ጎትቶ ጉድጓዱ ውስጥ ዶላት፣ በላይዋ ላይ ደለል አለበሳት። እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

ጌታሁን ለብዙ ቀን አልተናገረም። ጉሮሮው ነዶ ነበር። እሁድ ዕለት ሙሳ ሽማግሌዎቹን ይዞ ሐኪም ቤት መጣ፤ ቀጠሮ ቀጠሮ ነው አለ። እኔ ለጌታሁን ሾርባ በማንኪያ እየሰጠሁት ነበር ያገኙን። ሽማግሌዎቹ ቆመው አዩን፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ መርቀውን ሄዱ። እኔ በልቤ ይህ ሰው ሁሉን ሰምቶኛል፣ በየቃሉ መልሶልኛል፣ ከዚህ በኋላ የምንነጋገረው ነገር የለም ብዬ ረክቻለሁ። ስለ ልጁ አንድም ምልክት ባያሳየኝ ሕመሙ ነው አልኩ።

ድምፁ መመለስ ሲጀምር ከሁሉ ቀድሞ የጠየቀኝ ግን ይህን ነበር።

«ያን ሁሉ ሰዓት ምን ነበር የምትይኝ?»

«አትመልስልኝ አልነበር?» አልኩት፤ አልሰማኝም። አጠገቡ ሄጄ በጆሮው ጮህኩ። ራሱን ነቀነቀ።

«ጆሮዬ ገና እንደወደቅኩ ነው የተደፈነው። መፍቻዬን ብረቱ ላይ አድርጌ መንጋጋዬ ላይ ያዝኳት። ድምፅሽ በብረቱ ይመጣልኛል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንቺ መሆንሽን አውቄአለሁ። ሲቋረጥ የሄድሽ ይመስለኛል። እንዳትሄጂ ነበር የምመታው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ቁጣዬን አልሰማም። ይቅርታዬን አልሰማም። ድሬዳዋ በሙሉ ያወቀውን፣ ሙሳ የሰማውን፣ ቆፋሪዎቹ ዶማ አቁመው የሰሙትን አባትየው አልሰማም። ያ ሁሉ ምት አንድ ቃል ብቻ ነበር። ትንሽ ሳቅ መጣብኝ፣ ከሳቁ ጋር ለቅሶ መጣ። ከዚያ እጁን ያዝኩና ሆዴ ላይ አደረግኩት። አየኝ። ቆይቶ ገባው። በሐሳቤ ካዘጋጀሁለት ፊት ሁሉ አንዱንም አላሳየኝም፤ ትራሱን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ የዚህ ነገር ትምህርቱ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ እኔም ለረጅም ጊዜ አስቤበታለሁ። ሽምግልናን አላንቋሽሽም፤ ብዙ ቤት አቁሟል። ግን ከዚያ ወዲህ የደስታ ዜና ለቀጠሮ አላስቀምጥም። አትንኩት የሚለኝ ሰው ካገኘሁም ለምን ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱ ቢያስለቅሰው አብሬው አለቅሳለሁ። አዴ ራህማ ከዚያ በኋላ የአህመድን ስም ከእኔ ጋር መጥራት ጀመሩ። ሂናውን መልሰን ስንተክል ቀንበጡን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ልጄ ስታገባ እጇ የተቀባው ከዚያ ሂና ነው።

በቤታችንም ኩርፊያ አልቀረም፤ ሰው ነን። ብቻ አንዳችን ዝም ያልን እንደሆነ ሌላው ያችን መፍቻ አንስቶ ያገኘውን ብረት ይመታል፤ የበር ዘንግም ይሁን ድስት። ያን ጊዜ የተኮራረፍንበትን ነገር መናገር ግዴታ ነው። ጌታሁን እንዳነከሰ፣ ጆሮው እንደከበደው፣ ሎሚውንና ሽንኩርቱን በዶማ እየቆፈረ ሸመገለ። የስፌት መኪናም ቆይቶ ገዛልኝ፤ ጠይቆኝ።

ጌታሁን ባለፈው ዓመት ነው የሞተው። ታሞ ተኝቶ፣ መናገር አቅቶት፣ ጠዋት አጠገቡ ተቀምጬ አወራለታለሁ፤ ሂናው እንዳቆጠቆጠ፣ ሙሳ እንደሚመጣ። እንባዬን ልጠርግ ዝም ስል ጣቱ የአልጋውን ብረት መታ። ቀጠልኩለት። ቆይቶ ደግሞ ውሃ ልጎነጭ ዝም አልኩ። ጠበቅኩ። አልመታም። ልጄ ትከሻዬን ይዛ «እማዬ፣ በቃ» አለችኝ። እኔ ግን አገጬን የአልጋው ብረት ላይ አስደግፌ ማውራቴን ቀጠልኩ።